ከግንባር የሚሳብ እሺታ

አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም ነበር። ቁጭ በይ እንጂ ሥምረት፤ ጥያቄሽን ሸሽቼ ወደ ተረት የገባሁ አይምሰልሽ። አንጎልን ከግንባር በኩል በኤሌክትሪክ ሲቀሰቅሱት ወንዶቹ ከሌላው ሰው ሐሳብ ራቁ፣ ሴቶቹ ግን ይበልጥ ተስማሙ የሚል ጥናት አንብበሻል። «ታዲያ መምህር፣ ለብዙኃኑ እሺ ማለት ከሴት አንጎል ጋር አብሮ የተፈጠረ ነው ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። መልሱ ያለው እዚህ ሰውዬ ዘንድ ነው።

ይህ ሀብታም አንዲት ልጅ ነበረችው። ሊድራት ነበርና ከወንዙ ዳር ባለ ለምለም መስክ ላይ ቤት ሊሠራላት አሰበ። በዚያ አገር ልማድ የቤት ምሰሶ ከመተከሉ በፊት ጎረቤት ይጠራል፤ በልቶ ጠጥቶ ስለ ቦታው ተራ በተራ ቃሉን ይሰጣል። ባለፈው ዓመት ሀብታሙ እዚያው ወንዝ ዳር ጎተራ ሲሠራ «ቦታው ማለፊያ ነው» ያላለ ሰው አልነበረም። ጎተራው ግን ከነእህሉ በጎርፍ ሄደ። አሁንም ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ምሰሶው አጠገቡ ተጋድሞ፣ ስድስት ወንዶችና ስድስት ሴቶች ተቀመጡ። የመጀመሪያው ሽማግሌ «ማለፊያ ነው» አሉ። ቀጥሎ ያለው «ማለፊያ ነው» አለ። ተራው አሥራ ሁለተኛዋ ዘንድ እስኪደርስ ቃሉ አልተለወጠም። ሀብታሙ ፈራ። እህል ይተካል፤ ልጅ አትተካም።

በዚያ ሰሞን ከሩቅ አገር የመጣ፣ በቀንድ ደም የሚስብ ዋግምት አጋሚ ነበር። ቀንዱን በመዳፉ እያሻሸ፣ «እሺታ ማለት ግንባር ላይ የሚቋጠር ደም ነው። ልሳብልህና ሁሉም የልቡን ይነግርሃል» አለው። ሀብታሙም ሳያመነታ እሺ አለ፤ እሱም ቢሆን እሺታ አልጎደለውም።

አሥራ ሁለቱም ታገሙ። ግንባራቸው ላይ ክብ ምልክት እንደ ማኅተም አርፎባቸው እንደገና ተቀመጡ። ያን ጊዜ ጉድ ፈላ። አንዱ ወንድ «ማለፊያ ነው» ሲል ጎረቤቱ «በጭራሽ!» አለ። ሦስተኛው ሁለቱንም ተቃወመ። አራተኛው የቦታውን ነገር ጭራሽ ተወውና «የቀረበልን ራሱ ጠላ አይደለም!» ብሎ ተነሣ። ሴቶቹ ደግሞ ለአንዱ «እውነቱን ነው» ይላሉ፤ የሚቃወመው ሲናገርም «እሱም እውነቱን ነው» ይላሉ። አጋሚው ደስ ብሎት «አያችሁ? የወንድ ራስና የሴት ራስ ለየቅል ነው!» አለ። በዚህ ነገር ብቻ ወንዶቹም ሴቶቹም አንድ ላይ ተስማሙለት። ልጅቱ ግን ቤቷ ወዴት እንደሚቆም የነገራት አልነበረም።

ከዳር አንዲት ሸክላ ሠሪ ቆማ ታይ ነበር። አፈሯን የምትቆፍረው ከዚያው ወንዝ ዳር ነው፤ የጠየቃት ግን የለም። በዚያ አገር ሸክላ ሠሪ ከሰው አትቆጠርም፤ ነውር ነው፣ ግን እንደዚያ ነበር። ወደ ሀብታሙ ቀርባ «ጌታዬ፣ ራሳቸውን ይተዉትና እስቲ እጃቸውን ይጠይቁ» አለችው።

አንገቱ የጠበበ እንስራ አመጣች። ድምፁ እንዳይለይ ከታች ጭድ ጎዘጎዘችበት። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጠጠርና ከተሰበረ እንስራ የተረፈ አንድ ገል አስጨበጠች። «ልጅቱ እዚህ ትኑር የምትሉ ጠጠሩን፣ አትኑር የምትሉ ገሉን ጣሉ። እጃችሁ ውስጥ የቀረውን እንደጨበጣችሁ ወንዝ ጨምሩት። የሚያያችሁ የለም።»

እንስራው ሲገለበጥ አሥራ አንድ ገል ወጣ። ጠጠሩ አንድ ብቻ ነበር፤ የጣለውም ሰው ራሱን ወዲያው አጋለጠ። «ምሰሶውን ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ! ዳገቱን መልሼ ላውጣው?» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ፤ ያ መስክ የጎርፍ መሆኑን ወንዱም ሴቱም መጀመሪያውኑ ያውቅ ነበር። ምሰሶው ዳገቱን ወጣ፤ ያው ሰውዬ እያጉረመረመ፣ ሌሎቹ እየገፉለት። ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ ባዶውን ጉድጓድ ዋጠው። ልጅቱ ከላይ፣ ከደጇ ሆና አየችው።

እንግዲህ ልጄ፣ ቀንዱ ምንም አልሠራም አልልሽም። ሠርቷል። ግን እሳት ድስት ውስጥ ያለውን ያፈላል እንጂ እህል አይጨምርም። ወንዱን ከልጅነቱ «የሰው ቃል አትድገም» እያሉ አሳደጉት፤ ሲሞቅ ያ ገነፈለ። ሴቷን «ነገር አታክርሪ» እያሉ አሳደጓት፤ ሲሞቅ ያም ገነፈለ። ያነበብሽውም ጥናት እንደ ቀንዱ ነው። ውሸት ነው አልልም፤ ከተፈጥሮ ምን ያህሉ እንደመጣም አላውቅም። የፈላውን አይተሽ ግን ማን እንደጨመረው ሳትጠይቂ ፍርድ አትስጪ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ዛሬ ጠዋት ክፍል ውስጥ «ሴቶች ቶሎ ይስማማሉ» ብዬ የቀለድኩት እኔ ነኝ። አርባችሁም ራሳችሁን በአዎንታ ነቀነቃችሁ። አንቺም ነቀነቅሽ፤ አይቼሻለሁ። ከዚያ ሁሉም ከሄደ በኋላ መጣሽና በሩን ገርበብ አድርገሽ ጠየቅሽኝ። ይህች ቢሮ የሸክላ ሠሪዋ እንስራ ናት፤ ገልሽን ጥለሽባታል፣ ደስ ብሎኛል። ሰው ግን ዕድሜ ልኩን እንስራ ተሸክሞ አይዞርም። ነገ አርባዎቹ ባሉበት እጅሽን አውጪና «መምህር ተሳስተዋል» በይኝ። እኔም መጀመሪያ ሳልቆጣ አልቀርም፤ የኔም ድስት ውስጥ የጨመሩት አለ። አንቺ ግን እንዳትቀመጪ።