ፋሲካ የጠፋባት ሴት

አንዲት ሴት ነበረች፤ የወሎ ሰው። በዚያ በክፉው የድርቅ ዘመን ከቀዬዋ ተነሥታ፣ በጭነት መኪና ቀናት ተጉዛ፣ ምዕራብ ቆላ ሰፋሪ ሆና ወረደች።

አገሩ ለምለም ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን የለውም። ደወል የለም፤ ቄስ የለም፤ ዛሬ ጊዮርጊስ ነው፣ ነገ ማርያም ናት የሚል የለም። እስኪ አስቡት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ቀኑን የነገራት ደወል ነው። አሁን ማን ይንገራት?

እሷ ግን ጾሙ የሚገባበትን ሰኞ ከቀዬዋ ሳትነሣ ቄሱን ጠይቃ ነበርና፣ ዐቢይ ጾምን ከዚያው ሰኞ ጀምራ ያዘች፤ በቃሏ እየቆጠረች ጾመች። በሦስተኛው ሳምንት ወባ ገባ። ሰፈሩ በሙሉ ወደቀ፤ እሷም ወደቀች። ስንት ቀን እንደተኛች አታውቅም። ስትነሣ ፀሐይዋ ያችው ፀሐይ ናት፤ ቀኑ ግን ጠፍቷል።

ጎረቤቶቿን ጠየቀች። አንዱ "ፋሲካ አልፏል" አለ። ሌላዋ "ኧረ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል" አለች። ሚስቱን በወባው የቀበረ አንድ ጎልማሳ ደግሞ፣ "ተዪው እባክሽ! እዚህ አገር ፋሲካ የለም፤ ፋሲካ እዚያው ቀርቷል" አላት።

ምእመናን፣ ይህ ቃል ከወባው የባሰ አንቀጠቀጣት። "ጌታ የተነሣበት ቀን ሳላውቀው ካለፈኝ፣ መትረፌ ምን ሊረባኝ?" እያለች ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ለቅሶዋን ማን ሰማ? ጎረቤቷ ጋሽ ይመር ሰሙ። ጋሽ ይመር ከዚያው ከወሎ አብረዋት የመጡ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው።

"ምነው እቴ? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተ ጋሼ። ፋሲካ ጠፋብኝ።"

ሽማግሌው አልሳቁም። አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

"ጾሙን የያዝሽው ሰኞ ነበር አይደል? በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ አመሻሹ ላይ አዲስ ጨረቃ ወጣች። ጠርቼሽ አብረን አየናት።"

"አዎ፣ አየናት!"

"እኔ ወባው ሲጥለኝም ጨረቃን አልተውኳትም። ረመዳን እየመጣ ነው፤ ወሩ ከጠፋኝ በምን እጾማለሁ? ያቺ ሠላሳ ሞላች። ሁለተኛይቱ ዛሬ ዐሥራ ሰባት ቀኗ ነው። በይ እንግዲህ ደምሪው።"

ደመረች። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፤ ሦስት። ሠላሳ ሲጨመር ሠላሳ ሦስት። ዐሥራ ሰባት ሲጨመር ኀምሳ። ጾሙ ኀምሳ አምስት ቀን ነው!

"ጋሼ፣ ዛሬ ሰኞ ነው እንዴ?"

"ጁምዓ ከሰገድን ሦስተኛ ቀናችን ነው። ሰኞ ነው።"

"እንግዲያው ትናንት ሆሳዕና ነበረ! ሕማማት ገብቷል! የፊታችን እሑድ ፋሲካ ነው!"

ብድግ ብላ ሮጠች። ያች በወባ የደቀቀች ሴት ከጎጆ ጎጆ ሮጠች። እሑድ ጎህ ሲቀድ ዐሥራ አንድ ቤተሰብ ጉብታው ላይ ካለው ዋርካ ሥር ወደ ምሥራቅ ዞሮ ቆመ። ሁሉም የሚያውቀውን ጸሎት አለ። ያ ሚስቱን የቀበረው ጎልማሳም መጨረሻ ላይ መጣና ከኋላ ቆመ። "ክርስቶስ ተነሥቷል" ሲባል ድምፁ ከሁሉም በልጦ ተሰማ፤ እያለቀሰ ነበር።

ከጉብታው ሲወርዱ ጋሽ ይመር ቅል ሙሉ ወተት ከአገሬው ሰው ለምነው ይዘው ቆመዋል። "እንኳን አደረሳችሁ፤ ጾም በደረቁ አይፈታም" አሏቸው።

ያ ባዕድ ምድር ለሴትዮዋ ያን ቀን አገር ሆናት። ከዓመታት በኋላ ካህናት መጥተው "መቅደሱ የት ይተከል?" ሲሉ፣ ሰዉ ሁሉ አንድ ቦታ ጠቆመ፤ ጉብታውን። ዛሬ እዚያ ደወል ይደወላል። ከጉብታው ግርጌ ካለው ወንዝ ማዶም መስጊድ አለ።

ወገኖቼ፣ ከኢየሩሳሌም ተነሣ፣ ባሕር ተሻገረ፣ አክሱም ደረሰ እያልን የሃይማኖትን ታሪክ እንተርካለን። ለመሆኑ በራሱ እግር ሄደ? አልሄደም! የሰው ልብ ተሸክሞት ሄደ። ባሕሩን ያሻገረው፣ በረሃውን ያቋረጠው፣ ቀኑ ሲጠፋበት የሚያለቅስ ሰው ነው። የሌላውን ሃይማኖት ታሪክ ብትጠይቁም፣ ትኩሳት እያንቀጠቀጠው ጨረቃ የሚጠብቅ ሽማግሌ ታገኛላችሁ። ይህ አያስደንቃችሁም? እኔን ያስደንቀኛል።

እናንተስ? ግድግዳችሁ ላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ስልካችሁ በዓሉን ቀድሞ ይነግራችኋል። ቀኑ አልጠፋባችሁም። ግን ቢጠፋባችሁ ታለቅሱ ነበር?

ደግሞም ከግድግዳችሁ ማዶ ሰው አለ። የእናንተን ጾም አይጾም ይሆናል፤ በዓላችሁን አያከብር ይሆናል። ስንት ዓመት ጎን ለጎን ኖራችሁ? ስለ እሱ ምን ታውቃላችሁ? ዛሬ ከዚህ ስትመለሱ በሩን አንኳኩ። ስሙን እንኳ የማታውቁት ከሆነ፣ ከስሙ ጀምሩ።