ሦስት ቆብና አንዲት የሽምብራ ክክ

አንድ ተኳሽ ነበረ፤ ደረበው ይሉታል። ኑሮው ግብርና ነው፤ ፍቅሩ ግን ሌላ ነበር፦ የተተኮሰ ቀለህ ሰብስቦ እንደገና መሙላት። ሰው እሁድ እሁድ ጠላ ቤት ሲሰየም እሱ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ባዶ ቀለሁን ያጥባል፣ ይወለውላል፤ ቂጡ ላይ ቆብ የሚሏትን ትንሽዬ መዳብ ይከታል፤ በቀንድ ማንኪያ ባሩድ ይሰፍራል፤ አናቱን በእርሳስ ይደፍናል። የጠመንጃው መርፌ የሚመታት፣ ለባሩዱ እሳት የምትሰጠው ያቺ ቆብ ናት። ከምስር ፍሬ እምብዛም አትበልጥም። እሷ ከሌለች ግን ጠመንጃ ማለት ከዱላ የማይሻል ብረት ነው።

የደረበው ሰፈር ላይ ሰፈር ይባላል። ከታች ሰፈር ጋር ማሳቸውን የሚያጠጡት ከአንድ ምንጭ ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያበቃ፣ በውሃው ማን ይቅደም የሚለው ነገር በኢላማ ይለያል። ከየሰፈሩ አንድ ተኳሽ ይወጣል፤ ከወንዙ ማዶ በተንጠለጠለ ቅል ላይ ሦስት ሦስት ጊዜ ይተኩሳሉ። ብዙ ቅል የሰበረ ሰፈር በጋውን ሙሉ ውሃውን አስቀድሞ ይወስዳል። ቂል ሥርዓት ነው ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። አያቶቻቸው በውሃ ጠብ ስንት ሰው እንደቀበሩ ሲነግሩኝ ግን አፌን ዘጋሁ።

ባለፈው ዓመት ላይ ሰፈር ተሸንፎ ድንቹ ሁሉ እማሳው ላይ ጠውልጎ ቀርቷል። ዘንድሮ ከተደገመ ሦስት አራት ቤት በሩን ዘግቶ ሊሰደድ ተማክሯል። ይህ ሁሉ የተንጠለጠለው በደረበው ጣት ላይ ነበር።

ታዲያ በዚያው በተሸነፉበት ዓመት፣ ከኢላማው በኋላ ኅዳር ላይ፣ ባሩድና ቆብ የሚያመጣው ነጋዴ በቅሎዎቹን እየነዳ መጣ። ደረበው ሮጦ ተቀበለው።

«ባሩድ የለም» አለው ነጋዴው ገና ሰላምታውን ሳይጨርሱ። «መንገዱ ተዘግቷል። ቆብማ ተወው፤ ከተማ ውስጥ ስሙም አይነሳ።»

«መቼ ይመጣል?»

«እኔ ምኑን አውቄ!» አለና በቅሎውን መታ አደረጋት።

ደረበው ቤቱ ገብቶ የቀንድ ዕቃውን ቢያራግፍ ባሩዱ ከታች ተለጥፏል። የቆቧን ሙዳይ ቢከፍት ሦስት ብቻ። ልክ ሦስት! ምን ይዋጠው? ሚስቱ አንጓች መጥታ ከአጠገቡ ቆመች።

«ደህና ናቸው?» አለችው።

«በምን አውቄ! ክረምቱ ምን እንዳደረጋቸው ማን ያያል?»

«አንዷን ሞክራታ።»

«ከሞከርኳት ደህና እንደነበረች አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የለችም።»

አንጓች አሰበችና «ይሄስ የቀልድ አይደለም» አለች።

ዜናው ሲሰማ መካሪ በዛ። አንዱ ሰባት ገበያ ዙር አለው። አንዱ ደግሞ፣ ጤና የራቀው፣ ከዚህም ከዚያም ቀላቅለህ የራስህን ባሩድ አብጅ አለው። ደረበው «ዓይኔንም ጣቴንም እፈልጋቸዋለሁ ጌታው» ብሎ ሸኘው። ሦስቱን ቆቦች በሰም ጠቅልሎ፣ ካለችው ባሩድ ልክ የሦስት ጥይት ለይቶ፣ ሁለቱንም ከምድጃው ርቆ ደረቅ ቦታ ሰቀላቸው። ከዚያም «እስከ ጥቅምት እንዳትነኳቸው» አለ። ለራሱም ጭምር ነበር የሚናገረው።

አሁን ሰው ምን ያደርጋል? ጠመንጃውን ምሰሶ ላይ ሰቅሎ ዘመኑን ይረግማል። እኔ ብሆን ይህን ነበር የማደርገው፤ አልዋሻችሁም። ደረበው ግን ቁጭ ብሎ የሌለውን ትቶ ያለውን ቆጠረ። ቀለህ አለው። ጠመንጃ አለው። እርሳስም ቢሆን ባለፉት ዓመታት የተኮሰው ሁሉ ከወንዙ ማዶ አፈር ውስጥ ተቀብሯል። መቆፈሪያ ይዞ ወረደና እንደ ድንች ቆፍሮ አወጣው፤ አቅልጦ አጣርቶ ሃያ የጥይት ራስ አፈሰሰ፤ ከሃያው እንከን የሌለባቸውን ሦስት መረጠ። ከቀለሁም እንዲሁ ሦስት። ይህን ለመጨረስ ሁለት ወር ፈጀበት።

የቀረው እጁ ነው። ያለ ጥይት እጅ እንዴት ይሠለጥናል? አንድ ቀን አንጓች ሽምብራ ስትከካ አይቶ አንዲት ክክ አነሳ። «ነይ እስቲ» አላት። ባዶውን ጠመንጃ ትከሻው ላይ አስደግፎ አነጣጠረ። «ክኳን በጠፍጣፋው በኩል አፈሙዙ ጫፍ ላይ አስቀምጫት።» አስቀመጠችለት። ቃታውን ሳበ። ቀጭ! ክኳ ወደቀች።

«እንዴ!» አለ ደንግጦ። «ምንም ሳይጮህ ለካ እጄ ይደነግጣል!»

«ስንት ዓመት ተኳሽ ነኝ ስትል!» አለችና ሳቀች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከብት ሳይወጣ ሃያ ጊዜ አንጓች ታስቀምጣለች፣ እሱ ይስባል፣ ክኳ ትወድቃለች። መጀመሪያ አካባቢ ዶሮዎቹ ጠገቡ። የካቲት ላይ ከሃያው አምስቴ ሳትወድቅ ቆየች። ግንቦት ላይ አሥራ አንድ። ክንዱ ይዝላል፣ አንገቱ ይደነድናል፣ አንዳንድ ቀንማ ጠመንጃውን አንስቶ ገደል ሊጥለው ይቃጣዋል። ተመልሶ ግን «አንዴ ድገሚልኝ» ይላል።

ለዚህ ደግሞ ውርደትም ቀምሷል። የአንጓች ወንድም ልጁን ሲድር፣ እንደ አገሩ ወግ ሙሽራዋ ስትወጣ ጥይት መጮህ አለበት። ደረበው ጠመንጃውን ይዞ ፎከረ፣ ተንጎራደደ፣ ወደ ሰማይ አነጣጠረ። ሴቶቹ ጆሯቸውን ያዙ። ምንም የለ! ቃታውን ሳይስብ ጠመንጃውን መልሶ አነገተና ተቀመጠ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። «አንድ ጥይት ሰስቶ!» ተባለ። አንጓች መንገዱን ሙሉ ጥላው ፊት ፊት ሄደች። ቤት ሲደርሱ «አንጀቴን አሳረርከው፤ በወንድሜ ፊት አዋረድከኝ» ብላ አለቀሰች።

«አውቃለሁ» አላት። «እኔም አፍሬአለሁ። ግን ያቺን ጥይት ብተኩሳት ጥቅምት ላይ ማልቀሱ የሰፈሩ ሁሉ ይሆናል።»

በማግሥቱ ጠዋት፣ ፊቷን እንዳኮሳተረች፣ ክኳን ይዛ መጣች።

ጥቅምት ደረሰ። ሁለቱ ሰፈር ወንዝ ዳር ወጣ። ዳኛው የውሃ አባት የሚባሉት አያ ጫኔ ናቸው፤ የሁለቱንም ሰፈር ቦይ የሚያከፋፍሉ ሽማግሌ። ከታች ሰፈር የወጣው ቢያዝን ነው። እሱም ያው በችግሩ ተመትቷል፤ ዓመቱን ሙሉ ገበያ ለገበያ ሲንከራተት ከርሞ ሦስት ቆብ ያገኘው ባለፈው ሳምንት ነው። ጠመንጃው እስከዚያ ምሰሶ ላይ ነበር።

ቢያዝን ጀመረ፤ ቅሉ ፍርክስክስ አለ። ታች ሰፈር እልል አለ። ደረበው አነጣጥሮ ሳበ። ቀጭ። ከሸፈ! የከሸፈም እንደተተኮሰ ይቆጠራል። ከላይ ሰፈር አንዲት እናት «ኧረ ልጆቼን!» ብላ ጮኸች። ደረበው ግን ሌላ ጥይት አጎረሰ። ቢያዝን በሁለተኛው ሳተ፤ ደረበው ቅሉን ሰበረ። እኩል ሆኑ። በሦስተኛው ቢያዝን ሳበ፤ ከሸፈበት። ደረበው ሳበ፤ ይኸው እሱም ከሸፈበት።

አንድ ለአንድ። ቆብ የሚባል ደግሞ በአገሩ የለም። ያን ጊዜ ጉድ ፈላ! «ውሃው የኛ ነው!» «አይደለም፣ የኛ ነው!» ዱላ ተነሳ። አያ ጫኔ መሀል ገብተው ቆሙ።

«ዝም በሉ! ጥይት ሲጮህ ጭሱና ድምፁ የሰውን እጅ ይሸፍነዋል። ሲከሽፍ ግን እጅ ራቁቱን ይቀራል። እኔ አይቻለሁ። የቢያዝን አፈሙዝ ቃታውን ሲስብ ወደ መሬት ሰገደ። የደረበው ሁለቴ ከሽፎ ንቅንቅ አላለም።»

«አያ ጫኔ፣ ያይን ነገር ማን ያምናል?» አሉ ታች ሰፈሮች።

ይሄኔ አንጓች ሰው እየገፋች ወጣች። የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ከቋጠረችው የሽምብራ ክክ አንዲት አወጣች። «ይቺን አፈሙዛቸው ላይ አስቀምጡና ባዶውን ይሳቡ። ይቺን ሁሉም ያያታል።»

ታች ሰፈሮች እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚህ የሚቀል ፍርድ የለም ብለው ተስማሙ። አያ ጫኔ ራሳቸው አስቀመጡ። ቢያዝን ሳበ፤ ወደቀች። «ይደገምልኝ» አለ፤ ተደገመለት፤ ወደቀች። ሦስተኛውም ወደቀች። ተራው የደረበው ሆነ። ቀጭ፤ ክኳ አለች። ቀጭ፤ አለች። በሦስተኛው ሰዉ አንገቱን አስግጎ ተጠጋ። ቀጭ። ክኳ ከቦታዋ አልተነሳችም። አንጓች ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና እንባዋን ለቀቀችው።

ቢያዝን ክኳን ከአፈሙዙ ላይ አንስቶ በእጁ አገላበጣት። ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት «ውሃው የነሱ ነው» አለ። ደረበውን ግን ዞሮ ጠየቀው፦ «አንተ ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ ምን ስትሠራ ከረምክ?»

«ከዚህች ክክ ጋር ስጣላ። አንተስ?»

«ቆብ ስፈልግ» አለ ቢያዝን። «አገኘሁም እኮ! ሦስት አገኘሁ።»

ደረበው የቀረውን ክክ ከአንጓች ተቀብሎ እፍኙ ላይ አደረገለት። «እንካ፤ ነገ ጠዋት ጀምር። ለከርሞም ቆብ ላይመጣ ይችላል።»

ወዳጆቼ፣ ይህን ታሪክ ተቀበሉኝና ለሌላም አቀብሉ። እጥረት ሲመጣ የሚወስድብን የእጃችንን ዕቃ ነው፤ እጃችንን አይወስድም። የጎደለውን ፍለጋ ዓመቱን የጨረሰ ሰው፣ የጎደለው ሲሞላለት ራሱ ጎድሎ ይገኛል። ባለው ላይ የጠነከረ ሰው ግን ዕቃው ቢከሽፍ እሱ አይከሽፍም። የእኔም የእናንተም መንገድ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ነጋዴው ባዶ እጁን ይመጣል። ያን ቀን ቃታውን ስንስብ፣ አፈሙዛችን ላይ ያለችው ክክ ትቆይ ይሆን?