የቢያድግልኝ ጀርባና ጨብጦ የማይለቀው መድኃኒት

ነበረ እንበል፤ አልነበረም የሚል ሄዶ ይይ። ውሃ በእንጨት ሳይሆን በአቶም በሚፈላበት አገር ቢያድግልኝ የሚባል ዘበኛ ነበረ። የሚጠብቀው ከአቶም ቤት የወጣ እጣቢ የሞላበትን በርሜል ነው። በርሜሉ ከዝሆን ይበልጣል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው መርዝ ደግሞ ሳይነካ ያቃጥላል።

ቢያድግልኝ ሦስት ዓመት ሙሉ የተመኘው ሹመት አይደለም፣ በቅሎም አይደለም። ጀርባውን የሚያክለት እጅ ነው፤ ይበላዋል። ልክ መሃሉን፣ እጁ ከላይም ከታችም የማይደርስበትን። ያችን ቦታ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ሚስቱ አንጓች። እሷ ደግሞ ከተራራው ማዶ፣ መንደራቸው ቀርታለች። በአጥሩ ታከከ፤ አጥሩ ወደቀ፣ ማሳከኩ ግን እዚያው ነው። ባልደረቦቹን ለመነ፤ ሁሉም የጎማ ጓንት ያጠለቁ ናቸው። የጎማ ጓንት ምን ያካል?

አለቃው ዘንድ ገባ። «ጌታዬ፣ አንድ ቀን ይልቀቁኝ። አንጓች ጀርባዬን አክካልኝ እመለሳለሁ።»

«በርሜሉ ሳይቀበር? አንተ ሰውዬ፣ የሚበላህ ጀርባህ ነው ወይስ ጭንቅላትህ?» አሉት።

ወደ ጉድጓዱ ሄደ። ጉድጓዱ ከጥልቀቱ የተነሳ ትናንት ቢጠሩት ዛሬ ነው አቤት የሚለው።

«አያ ጉድጓድ፣ በርሜሉን ዋጥልኝ። አንተ ካልዋጥክ አለቃው አይለቁኝም፤ አለቃው ካልለቀቁኝ አንጓች ጀርባዬን አታክልኝም።»

«አልውጥም! ፈሳሽ ነው። ከሆዴ ስር ምንጭ ይሄዳል። ከምንጩ የሚቀዳው ማን ነው? አንጓችህ አይደለችም? መጀመሪያ ሲሚንቶ እጣቢውን ድንጋይ ታድርግልኝ።»

አንጓች ጎንበስ ብላ በእፍኟ ስትጠጣ ታየችው። ወደ ሲሚንቶ ሮጠ።

«እመት ሲሚንቶ፣ ጠንክሪልኝ። አንቺ ካልጠነከርሽ ጉድጓድ አይውጥም፤ ጉድጓድ ካልዋጠ አለቃው አይለቁኝም፤ አለቃው ካልለቀቁኝ አንጓች ጀርባዬን አታክልኝም።»

«እንዴት ብዬ፣ ልጄ? ከእጣቢው ጋር ስቦካ ያ ጨባጭ መጥቶ የምጠነክርበትን ኖራዬን ጭብጥ አድርጎ ይይዝብኛል። ሰባት ጊዜ አቦኩኝ፤ ሰባት ጊዜ አጥሚት ሆኜ ቀረሁ። እሱን አስለቅቀህ ና።»

ጨባጭ ያለችው የአቶም ቤቱ ቧንቧ የታጠበበትን መድኃኒት ነው። ከብረቱ ላይ የተጣበቀውን መርዝ እየጨበጠ ያወጣል። ቧንቧው ጸዳ፤ እሱ ግን በርሜል ገብቶም የጨበጠውን አልለቀቀም። ሲሚንቶ አልጠነክር ስትል አለቃው «በደንብ ስላልታጠበ ነው» ብለው ሌላ ጨባጭ አስጨምረውበታል!

«ወንድሜ ጨባጭ፣ እባክህ ልቀቅ። አንተ ካልለቀቅህ ሲሚንቶ አትጠነክርም፤ ሲሚንቶ ካልጠነከረች ጉድጓድ አይውጥም፤ ጉድጓድ ካልዋጠ አለቃው አይለቁኝም፤ አለቃው ካልለቀቁኝ አንጓች ጀርባዬን አታክልኝም።»

«ጨብጥ ተባልኩ፣ ጨበጥኩ። መልቀቅን ማን አስተማረኝ? ብትቀብሩኝም መርዜን ይዤ ከውሃው ጋር እሄዳለሁ፤ እስከ አንጓች እንስራ ድረስ። እጄን የሚያስፈታው እሳት ብቻ ነው።»

ቢያድግልኝ ሊቆጣው አሰበና ተወው። ይዞ አለመልቀቅን እሱም ያውቀዋል።

«አያ እሳት፣ አቃጥለው። አንተ ካላቃጠልከው ጨባጭ አይለቅም፤ ጨባጭ ካልለቀቀ ሲሚንቶ አትጠነክርም፤ ሲሚንቶ ካልጠነከረች ጉድጓድ አይውጥም፤ ጉድጓድ ካልዋጠ አለቃው አይለቁኝም፤ አለቃው ካልለቀቁኝ አንጓች ጀርባዬን አታክልኝም!»

«እኔስ ባቃጥለው ደስ ባለኝ» አለ እሳት። «ግን እጣቢው እንደተከደነ፣ ሳይገነፍል፣ ሰባት ቀን መንተክተክ አለበት። ከገነፈለ አገር ያልቃል። ዓይኑን የማይከድን ጠባቂ አምጣልኝ። ባለፈው የመደባችሁት ሰውዬ ገና ሳይቀመጥ አንኮራፋ።»

«ሦስት ዓመት እንቅልፍ ያልጎበኘው ሰው ፊትህ ቆሞ!»

«ምን ሆነህ ነው?»

«ጀርባዬ ነዋ!»

እሳት ከት ብሎ ሳቀ፤ ፍንጣሪው በአጠገቡ ያልፉ የነበሩትን አለቃ ሪዝ ግማሹን ላሰው።

ቢያድግልኝ ተቀመጠ። ዓይኑ ሊከደን ሲል ጀርባው ይቀሰቅሰዋል። ጀርባው ሲቀሰቅሰው አንጓች ትዝ ትለዋለች፤ የአውራ ጣቷ ጥፍር መሃሉ ላይ የተሰነጠቀ ነው፣ ስታክ ሁለት መስመር ያሰምራል። ሰባት ቀን እነዚያን ሁለት መስመሮች ሲያስብ አንዲት ጠብታ አልገነፈለችም።

እሳት ጨባጭን አቃጠለ፤ ጨባጭ መርዙን ለቀቀ፤ ሲሚንቶ መርዙን አቅፋ ድንጋይ ሆነች፤ ጉድጓድ ዋጠና አገሳ፤ አለቃው ለቀቁት፤ ቢያድግልኝ ተራራውን በሦስት እርምጃ ተሻገረው።

አንጓች ከምንጩ ስትመለስ መንገድ ላይ አገኛት።

«መጣህ?»

«መጣሁ።»

«ከስተሃል።»

«ጀርባዬን…»

«አይ ያንተ ነገር! ሦስት ዓመት ቆይተህ ጀርባዬን?» እንስራዋን አወረደች፤ እጇን በሸሚዙ ስር ሰደደች። «የት ጋ ነው?»

ቢያድግልኝ ፈለገው። ከላይ ፈለገው፣ ከታች ፈለገው። እጇ ገና ሲነካው፣ ያ ሁሉ ማሳከክ ብን ብሎ ጠፍቷል። ቢነግራት እጇን ልታነሳ ነው።

«ትንሽ ወደ ግራ» አላት።

የኔ ወሬ እዚህ ይውረድ፤ የሱ ጀርባ ግን እስካሁን እየታከከ ነው።