በአንድ ወገን ብቻ የወጣ ሐረግ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁንና፣ ስሟን ብጠራላችሁ ሁላችሁም «የኔ አገር ናት» ብላችሁ የምትጣሉባት አንዲት የጥንት ከተማ ነበረች። ፀሐይዋ እንደ ሌላው አገር ፀሐይ እንዳይመስላችሁ፤ በቀትሩ የዙህር ሶላት ሰዓት ራሰ በራ ሰው ያለ ጥምጣም ከወጣ ጎረቤቱ እንቁላል ይዞ ይከተለዋል ይባላል። በዚያች ከተማ በታችኛው በር አጠገብ ሃያ ቤት ሸክላ ሠሪ በአንድ ረድፍ ይኖር ነበር። የረድፉም አውራ ሸህ ቡሽራ ነበሩ።

ሸህ ቡሽራ ኪታብ ቀርተው የተማሩ፣ ደረሳ አስቀርተው ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ እንጀራቸው ግን ከጭቃ ነበር። ስለ እጃቸው ብዙ ተወርቷል። አንድ ማሰሯቸው ከመደርደሪያ ወድቆ ማሰሮው ደህና ሲሆን ወለሉ ተሰነጠቀ የሚሉ አሉ። እኔ ግማሹን ብቻ ነው የማምነው። የማይጋነነው ነገር ይኸኛው ነው፦ ሸሁ ለጋን ከሆዱ እኩሌታ የሚበልጥ አንገት ሠርተው አያውቁም። ሁለቱን ጆሮ ሲለጥፉ በክንዳቸው ለክተው ነው። ጌጡን ትከሻው ላይ ያዞሩና ሆዱን ባዶውን ይተዉታል። ሥራው ሲያልቅም ትንፋሻቸውን ይዘው ጋኑን አንድ ጊዜ ይዞሩታል። ዓይናቸው ሳትደናቀፍ ዞራ ከተመለሰች «አልሐምዱ ሊላህ» ይላሉ፤ መንገድ ላይ ትንፋሽ ካጠራቸው ያ ጋን ከበር አይወጣም።

ይህን ሁሉ ከልጃቸው ከኸይራት የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ የጌጡን ሥራ የያዘችው እሷ ነበረች። ሐረግ ስትስል ንብ ይመጣል ይላሉ። ይህንን ሙሉ በሙሉ አምናለሁ።

አንድ ቀን ሐጂ መክዩ የተባለ የጨው ነጋዴ መጣ። ለሟች አባቱ ሰደቃ እንዲሆን ለትልቁ መስጊድ ግቢ ሰጋጁ የሚታጠብበትን የውዱእ ውሃ የሚይዝ ጋን ፈለገ።

«ሐረግ ይኑርበት» አለ፤ «ጨረቃ ይኑርበት። የአባቴም የተምር ዛፎች፣ ዘጠኙም፣ ይኑሩበት።»

«ሐጂ» አሉ ሸሁ፣ «ይህ ሁሉ አዝመራ ከበቀለበት ውሃውን እሱው ጠጥቶ ይጨርሰዋል። ለሰጋጁ ምን ልትተው ነው?»

ሐጂ አልሳቀም። «እሺ፣ እንደወደዱ ይሥሩት። ግን ለመጪው ጁምዓ ካልደረሰ ከወደብ የብረት በርሜል አስመጣለሁ። በርሜል አይሰበርም።»

ይህ ቃል ረድፉን እንደ ወረርሽኝ ዞረው። አንድ በርሜል መስጊድ ከገባ ነገ ቤት ሁሉ በርሜል ይላል፤ ሃያው ቤትም ጭቃውን ታቅፎ ይቀራል። ኸይራት ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

የጁምዓ ዕለት ሸሁ ከንጋቱ የፈጅር ሶላት በኋላ መስጊድ ሲያስቀሩ፣ ኸይራት የመተኮሻውን አመድ ገልጣ የሐጂን ጋን አወጣችው። ቀይ፣ ሙሉ፣ ቁመናው ያማረ ነበር። በጣቷ አጥንት መታ አደረገችው። ጋን ጤነኛ ሲሆን እንደ ደወል ይመልሳል። ይኼኛው «ጭክ» አለ። ዝቅ ብላ ብታይ፣ ከመቀመጫው እስከ ሆዱ መሐል እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወጥቷል።

ጎረቤቷ ሸምሲያ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ኖሮ፣ «ምን አንቺ፣ ቤትሽ ሰም ጠፋ?» አለቻት።

«አባባ ይህን አይወዱም።»

«አባባማ ጀነታቸውን ይዘዋል። እኔ ስድስት ልጅ ይዤ በርሜል ልጋግር?»

ኸይራት ሰሙን አቀለጠች፤ የገል ዱቄት አዋሕዳ ስንጥቁን ሞላችው። አሁንም መስመሩ ይታያል። ምስማር አነሳችና በዚያው መስመር ላይ ግንድ ጫረች፤ ከግንዱ ቅጠል፣ ከቅጠሉ ቅርንጫፍ አወጣች፤ እስከ ትከሻው አደረሰችው። ሐጂም የፈለገው ሐረግ አይደል እንዴ፣ አለች በልቧ። በእድሜዋ ከሳለችው ሐረግ ሁሉ ያማረው ያ ነበር።

ሸሁ መጡ። ትንፋሻቸውን ይዘው ዞሩ። ሐረጉ ጋ ሲደርሱ ትንፋሽ አጠራቸው። እንደገና ዞሩ፤ እዚያው ቦታ ቆሙ።

«ኸይርዬ፣ ይህ ሐረግ ምን ፈልጎ ነው በዚህ በኩል ብቻ የወጣ?»

«ሐጂ ደስ እንዲለው ብዬ ነው።»

«ለሐጂማ ቢሆን ዙሪያውን ባደረግሽው። አንቺ ሚዛን የምታውቂ ልጅ ነሽ፤ ያለ ምክንያት በአንድ ወገን አትከምሪም። ከሥሩ ምን አለ?»

የኸይራት መልስ ከአፏ ሳይወጣ ሐጂ መክዩ አራት ተሸካሚ አስከትሎ ገባ።

«ማሻአላህ፣ ሐረጌ ይኸውና» አለ።

«ሐጂ፣ ይህ ጋኔ ጤነኛ አይመስለኝም» አሉ ሸሁ።

«ሸሁ፣ አንድ ሐረግ ላለመስጠት ብለው ጋንዎን ያሙታል?» ብሎ ተሸካሚዎቹን አዘዘ።

«እንግዲያው ሙላው፤ እስከ ዐስር ሶላት ድረስ ግን ማንም ውዱእ አያድርግበት። እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ።»

ጋኑ መስጊዱ ግቢ ተተክሎ ተሞላ። ጁምዓ ተሰግዶ ጀመዓው ሲወጣ፣ ሸሁ በዚያች ፀሐይ ከጋኑ ጎን ቁጭ ብለዋል። ሰው ከበባቸው። ጋኑ ጠብታ አላወጣም። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ጠብታ የለም። ፀሐይዋ የግቢውን ድንጋይ ሁለት ጣት አሳጠረችው ይባላል፤ ጋኑ ግን ደረቅ ነው።

«ሸሁ፣ በራስዎ ጋን መቅናት ጀመሩ?» አለ አንዱ።

«አረጁ እኮ» አለ ሌላው፤ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት።

ሸምሲያ በሴቶቹ በር በኩል የኸይራትን ነጠላ ጎተተች። «ሰሙ ይዟል። ዝም በይ።»

ኸይራት ግን አባቷን ነበር የምታየው። ሰው ሲጠይቃቸው «ጋኔ ነው ያጠራጠረኝ» ይላሉ። «ልጄ የነካችው» አላሉም፤ ወደ እሷም አንድ ጊዜ እንኳ ዞር አላሉም። ላባቸው በጢማቸው ይወርዳል። «አረጁ» የሚለው ቃል ግቢውን ሲዞር ሰማችው። ነጠላዋን ከሸምሲያ እጅ አስለቅቃ በሰዉ መሐል አለፈችና በጥፍሯ የሐረጉን ግንድ ከሥሩ ፋቀችው። ሰሙ በፀሐይ ለስልሶ ስለነበር እንደ ክር ተመዞ ወጣ። ውሃው መጀመሪያ ጠብ፣ ቀጥሎ ፈሰስ አለ፤ ሄዶም በሐጂ መክዩ ጫማ ውስጥ ገባ።

«አባቴ አላረጁም» አለች። «ስንጥቁን የደፈንኩት፣ ሐረጉንም የሳልኩበት እኔ ነኝ።»

ሐጂ እግሩን እያነሳ፣ «ታዲያ አላፈሰሰም ነበር እኮ። ለምን ነካሽው?» አለ።

«ዛሬ ነዋ ያላፈሰሰው።»

ሐጂ ወደ ሸሁ ዞረ። «እርስዎስ ካወቁ ለምን ራስዎ አልፋቁትም?»

«እኔ ብፍቀው ጸጸቱና ተውበቱ የማን ይሆን ነበር?»

ሐጂ ጫማውን አውልቆ ውሃውን ደፋው። ኸይራት አሁን በርሜሉን ይጠራል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን፣ «የወደቡ ነጋዴ በርሜሉ ቢሸነቆር እንዲህ አደባባይ ወጥቶ አይነግረኝም» አለ። «ሌላ ሥሩልኝ። ሐረጉ ግን አይቅርብኝ።»

«ዙሪያውን ከሆነ አይቅርብህ» አሉ ሸሁ።

ኸይራት በሁለተኛው ጋን ትከሻ ላይ ሐረጉን አዙራ፣ የመጨረሻውን ቅጠል ከመጀመሪያው አገናኘችው፤ ሆዱንም ባዶ ተወችው። ጋኑ ሲተከል አንድ ሰው፣ ስንጥቁን ሳያዩ እንዴት አወቁት ብሎ ሸሁን ጠየቃቸው።

«ጌጥ የዓይን ማረፊያ ነው» አሉ። «መደበቂያ ሲሆን ዓይን አታርፍም።»

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሸሁ ሐረግን አልጠሉም፤ ሐረግ ያለ ቦታው ሲገኝ ነው የጠየቁት። ከኛም መሐል ሰው በሚያይበት በኩል ሶላቱን የሚያስረዝም፣ ሰደቃውን የሚያበዛ፣ ምላሱን የሚያለዝብ አለ፤ በቤቱ በኩል ግን ባዶ ነው። ያ ሰው መልካም ሥራውን ይተው አልልም። ለምን በዚህ በኩል ብቻ ወጣ ብሎ ግን ራሱን ይጠይቅ፤ መልሱ ጣቱን ስንጥቁ ላይ ያሳርፍለታል። መፋቁ ያሳፍራል፣ ጫማም ያረጥባል። ጭቃው ግን ገና አላለቀም፤ ሁለተኛው ጋን የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። አላህ ዙሪያችንን እኩል ያድርግልን።