ስልቻውን የያዘችው ኢሽቤል

ዘመኑን አትጠይቁኝ፤ ለእኔ የነገሩኝም አያውቁትም። ብቻ ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ፣ ስኮትላንድ በሚባል ጉም የማይለቀው ደጋ አገር። እዚያ ኢሽቤል የምትባል ቆዳ ሰፊ ነበረች። ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ኢሽቤል የግሌንዳራ ሰው ነች። ባል የላትም፣ መሬት የላትም፣ አንዲት ቀይ ላም አለቻት። ከግሌንዳራ ማዶ ባልኖር የሚባል መንደር አለ። በሁለቱ መሃል ተራራ አለ፣ ተራራው ላይ ሣር አለ። ሣሩ ለሁለቱ መንደር ከብት አይበቃም ይባላል። ይባላል ያልኩት ሞክሮ ያየ ስለሌለ ነው።

ቀድሞ ለዚያ ሣር በሰይፍ ይጨራረሱ ነበር። ኋላ ሽማግሌዎቹ መቅበር ሰለቻቸው። በዓመት አንድ ቀን እንጫወት፣ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈ የበጋውን ሣር ይውሰድ ተባባሉ። የተሸነፈው መንደር ብርዱ ሳይገባ ከብቱን ያርዳል። ቀድሞ የሚያርደው ደግሞ ድርቆሽ የሌለው ድሃ ነው። ኢሽቤል ድርቆሽ የላትም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሁለቱም መንደር ከኢሽቤል ሌላ ቆዳ ሰፊ አልነበረም። ቀበቶውም፣ ጫማውም፣ እየተነፋ ሙዚቃ የሚያወጣው ስልቻም ከእሷ እጅ የወጣ ነው። "የሰፋሁት ቢተረተር መልሼ እሰፋለሁ" ብላ ነው የምትሰጠው።

የጨዋታው ቀን ደረሰ። መጀመሪያ ግንድ ውርወራ ሆነ። ይኼን ስሰማ እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር። ሰውየው ሦስት ሰው ቢደራረብ የሚያክል የጥድ ግንድ ከሥሩ አቅፎ ያነሳል፣ ይሮጣል፣ ያሽቀነጥረዋል። ርቀቱን የሚለካ የለም። ግንዱ አየር ላይ ተገልብጦ ከወርዋሪው ፊት ቀጥ ብሎ የተኛለት እሱ ነው ያሸነፈው።

የግሌንዳራው ወረወረ፣ ግንዱ ወደ ጎን ተጣመመ። የባልኖሩ ግዙፍ ሰው ሊያነሳ ሲል ቀበቶው ብጥስ አለ። እዚያ አገር ወንዱ የሚያገለድመው ባለ መስመር ሽርጥ ነው። ሽርጥን በአንድ እጅ ይዞ ደግሞ ግንድ አይነሳም። ሰው ሁሉ ሳቀ። ኢሽቤል መርፌዋን አወጣች።

"ወዴት ነው?" አላት የግሌንዳራው ሽማግሌ ሩሪ።

"ስፌቱ የኔ ነው" አለች። ሄደችና ሰፋችለት። ግንዱ ተገለበጠ፣ ቀጥ ብሎ ተኛ። ባልኖር አሸነፈ።

ሁለተኛው ተራራ ወጥቶ የመውረድ ሩጫ ነው። ሊነሱ ሲሉ የባልኖሩ ሯጭ ጫማ አፉን ከፈተ። ኢሽቤል መርፌዋን አወጣች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ላምሽን ጠልተሻታል እንዴ?" አላት ሩሪ።

"ላሜንማ እወዳታለሁ። ስፌቱ ግን የኔ ነው።"

ሄደችና ሰፋችለት። የባልኖሩ ልጅ በደህና ጫማ ሮጠ። የግሌንዳራው ግን ፍየል በሉት፣ ቁልቁለቱ ላይ ቀደመው። አንድ ለአንድ ሆኑ።

"ተርፈሻል" አላት ሩሪ። "ከእንግዲህ ያቺን መርፌ አላያትም።"

ሦስተኛው ሙዚቃው ነው። መሣሪያው የበግ ቆዳ ስልቻ ሆኖ ቱቦዎች ተሰክተውበታል። ነፊው ስልቻውን ብብቱ ሥር ይወትፋል፣ በአፉ አየር ይሞላዋል፣ በክንዱ ይጨምቀዋል፣ በጣቶቹ ዜማ ያወጣል። ይኼን ሁሉ ቀስ ብሎ እየተራመደ ነው የሚያደርገው። መሃል ላይ ያቆመ ወድቋል። ዳኛው ከሩቅ አገር የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ማን እንደሚነፋ እንዳያዩ የተዘጋ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ጆሯቸውን ብቻ ይዘው።

የግሌንዳራው ነፋ። ጥሩ ነፋ፣ ጥሩ ብቻ። ቀጥሎ የባልኖሩ ቶርኪል ወጣ። የለቅሶ ዜማ ጀመረ፣ ሜዳው ጸጥ አለ። ዜማው ሳይጋመስ የስልቻው ስፌት ተተረተረ። ግሌንዳራዎች አዩ። ሩሪ የኢሽቤልን ነጠላ ከኋላ ጨምድዶ ያዘ።

"እባክሽ ኢሽቤል" አለ በሹክሹክታ። "ዝም ብለሽ ቁሚ። ማንም አንቺን አያይም።"

ኢሽቤል መርፌዋን አወጣች። ስልቻውን አየችው። እየተነፋ ያለ ስልቻ በመርፌ አይሰፋም። መርፌውን ሣር ላይ ጣለች፣ ነጠላውን ለሩሪ ተወችለትና ሮጠች። ሁለት መዳፏን በቶርኪል ብብት ሥር ሰድዳ ቀዳዳውን ደፈነች። እሱ ሲሄድ ሄደች። እሱ ሲዞር ዞረች። ቶርኪል ዓይኑ ፈጠጠ፣ አፉ ግን ተይዟል። ሜዳውን ዘጠኝ ጊዜ እንዲህ ተመላለሱ። ዜማው አንድ ቦታ አልተሰበረም።

"ሁለተኛው ነው" አሉ ዳኛው ከድንኳኑ ውስጥ።

ባልኖር ጨፈረ። ግሌንዳራ መሬት መሬት አየ። ኢሽቤል መርፌዋን ልትፈልግ ጎንበስ አለች። ላሜን ማን ያርድልኛል እያለች ነበር።

ቶርኪል ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። "አባቴ፣ ይውጡና ይዩ" አለ።

"አንተ፣ አሸንፈናል እኮ፣ ምን ቆርጦህ ነው?" አለው የባልኖር ሽማግሌ።

ቶርኪል ስልቻውን ብብቱ ሥር ወተፈ። ዳኛው ሲወጡ ነፋ። ስልቻው ጭራዋን እንደተረገጠች ድመት ጮኸና ተነፈሰ። ባልኖሮች ራሳቸው ሳቁ። "እቴ ኢሽቤል፣ ነይ እስቲ" አለ። መጥታ ያዘችለት። ዜማው ቀጥ ብሎ ወጣ።

ዳኛው አራቱን እጆች አዩ። "የሸለምኩት ይኼን ዜማ ነው" አሉ። "ትንፋሹ የባልኖር ነው፣ እጁ የግሌንዳራ። ሣሩን እንዴት እንደምትከፋፈሉት እናንተው ጨርሱት።"

ሲጨቃጨቁ ዋሉ። መከፋፈያ መስመር ጠፋ። በመጨረሻ ከብቱን ደባልቀው ወደ ተራራው ነዱት። ሣሩ በቃ። አልተትረፈረፈም፣ ግን በቃ። ቀይዋ ላምም ብርዱን ተሻገረች።

ይኸው እስከ ዛሬ በዚያ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ከአንዱ መንደር አንድ ሰው ይነፋል፣ ከሌላው መንደር አንድ ሰው በብብቱ ሥር እጁን ሰድዶ ስልቻውን ይይዛል። ስልቻው አዲስ ነው፣ ቀዳዳ የለውም። የኢሽቤል ዜማ ይሉታል። ሁለቱ ሰዎች የሚመረጡት ደግሞ በሙዚቃ ችሎታ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዓመት ከሁሉ የባሰ የተጣሉት ሁለቱ ናቸው። ዜማው ረጅም ነው፣ እስኪያልቅ ድረስ መለያየት አይቻልም።