የወንዙ መኝታ

አንድ ወንዝ በሁለት መንደሮች መካከል ይፈስ ነበር። በወዲህም በወዲያም ዳር ማንም የማያርሰው ሰፊ ሜዳ አለ፤ ሰዉ "የወንዙ መኝታ" ይለዋል። ክረምት ሲሆን ወንዙ ሞልቶ እዚያ ላይ ይተኛል፤ በመስከረም ወደ ቦታው ሲመለስ ሜዳው ለምለም ሣር ይለብሳል። የሁለቱ መንደር ከብት ተቀላቅሎ ይግጣል። ጎርፍ መምጣቱን ቀድሞ ያየ ሰው "ማዶ! ማዶ!" ብሎ ይጣራል፤ ከወዲያ "ሰምተናል!" ይሉታል። አይ ጊዜ! ያን ጥሪ የሰማ ጆሮ ክረምት በገባ ቁጥር ይናፍቀዋል።

ታዲያ የምሥራቁ መንደር ጭቃ ሹም ጓንጉል፣ "ይህን የመሰለ መሬት ስለ ምን ጦም ያድራል?" አለ። በእሱ በኩል ያለውን ሜዳ አሳረሰና ውሃ እንዳይገባበት የአፈር ግድብ አሠራ። በዚያ ክረምት መኝታውን የተነጠቀው ወንዝ ተገፍቶ የምዕራቡን መንደር ቤቶች አጥለቀለቀ። ምዕራቦቹ አኩርፈው ከዚያ የበለጠ ግድብ ሠሩ። ምሥራቆቹም አስበለጡ። እልህ ተጋብተው ግድቡ ከሰው ቁመት አለፈ፤ ጎረቤት ከጎረቤት መተያየቱም ቀረ።

አንድ የነሐሴ ጠዋት ቢተው የሚባል የምዕራቡ ሽማግሌ ግድባቸው ላይ ወጥቶ ማዶ ሲያይ ደነገጠ። የምሥራቁ ግድብ በወንዙ በኩል ተሰንጥቆ አፈሩ ይናዳል። ከጀርባው ያሉት ሰዎች ግን ስንጥቁ አይታያቸውም።

አብሮት የነበረ ጎልማሳ፣ "ዝም ይበሉ አባባ፤ ወደ እነሱ ከፈሰሰ እኛ ተረፍን" አለው።

ቢተው በልጅነቱ ከጓንጉል ጋር በዚያ ሜዳ ላይ ሲቦርቁ ትዝ አለውና ሆዱ ባባ። ባለ በሌለ ድምፁ "ማዶ! ማዶ!" ብሎ ጮኸ። የምሥራቁ ሽማግሌዎች ጥሪውን አልረሱትም ነበር፤ ሕፃናቱንና ከብቱን ይዘው ወደ ኮረብታው ወጡ። ግድቡ ሲደረመስ ጎርፉ ያገኘው ባዶ ቤት ነው።

ውሃው ሲጎድል ጓንጉል አንገቱን ደፍቶ ተሻግሮ መጣ።

"ወንድሜ፣ እንዲያ በድዬህ ስለ ምን ጠራኸኝ?"

"የእኔን ግድብ ስንጥቅ ከዚህ ሆኜ አላየውም፤ የምታየው አንተ ነህ። አንተ ከሞትክ እኔን ማን ይጠራኛል? ደግሞ ከተጠራራን ስንት ዘመናችን!" አለው ቢተው፤ ተቃቅፈው አለቀሱ።

በዚያ በጋ በደቦ የፈረሱትን ቤቶች ሠሩ፤ ግድቦቹን ንደውም ሜዳውን ለወንዙ መለሱለት።

ጎርፍ ድንበር አያውቅም። ወደ ጎረቤት የገፋነው ውሃ ዞሮ የእኛኑ ደጅ ያንኳኳል፤ የእኛን ስንጥቅ ቀድሞ የሚያየውም ማዶ ያለው ሰው ነው። የእርስዎ ጎረቤት ዛሬ ከማዶ ቢጣራ ድምፁ ይደርስዎታል?