የጌጤነሽ ጓንት

ሲሚንቶ የጌጤነሽን እጅ በላው። ጣቶቿ ተሰነጣጠቁ፤ ከስንጥቁ ደም ወጣ። ፎቅ እየሠራን ነበር፤ ኮንክሪቱን በባልዲ፣ ከእጅ ወደ እጅ፣ በባሕር ዛፍ መወጣጫው ላይ ቆመን እናሳልፋለን። እኔ ለእሷ እሰጣለሁ፤ እሷ ከላይዋ ላለው።

የፈለገችው ጓንት ብቻ ነው። «እጄ ከሄደ ምን ይዤ እበላለሁ?» አለችኝ። ወደ ካቦው ሄደች።

«ጓንት? ሙሽራ ነሽ እንዴ?» አለ ካቦው። «እቃ ቤቱ ካልሰጠኝ ከየት አባቴ ላምጣ?»

እቃ ቤቱ አልሰጠም፣ ካቦው አላመጣም፣ የጌጤነሽ እጅ አልዳነም።

እቃ ቤት ጠባቂው ከበሩ አልተነሳም። «ኢንጂነሩ ይፈርም።»

ኢንጂነሩ ትሑት ነው። «እኔማ ደስ ይለኛል፣ እህቴ። ግን ኮንትራክተሩ ሳያዝዝ?»

ኮንትራክተሩ አላዘዘም፣ ኢንጂነሩ አልፈረመም፣ እቃ ቤቱ አልሰጠም፣ ካቦው አላመጣም፣ የጌጤነሽ እጅ አልዳነም።

ኮንትራክተሩ የመኪናውን መስታወት ትንሽ ዝቅ አደረገ። «ባለሕንፃው ይፍቀድና» ብሎ ዘጋው።

ባለሕንፃው የመጣው ሶሌታው፣ የፎቁ ወለል፣ በሚሞላበት ቀን ነው። እንደ ወጉ ለሠራተኛው በግ ይዞ መጣ። ጌጤነሽ መስመሩን ትታ ወረደች።

«ጋሼ፣ ጓንት።»

«በጉ አነሰሽ?» አለና ሳቀ። «መጀመሪያ ሶሌታው ይሙላ።»

ሶሌታው አልሞላም፣ ባለሕንፃው አልፈቀደም፣ ኮንትራክተሩ አላዘዘም፣ ኢንጂነሩ አልፈረመም፣ እቃ ቤቱ አልሰጠም፣ ካቦው አላመጣም፣ የጌጤነሽ እጅ አልዳነም።

ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ባልዲ ዘረጋሁላት። እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተች።

«ያዢ እንጂ!»

«አልይዝም። ሶሌታው የሚሞላው በማን እጅ ነው?»

ባልዲዬን አስቀመጥኩ። ከበታቼ ያለውም አስቀመጠ። ከበታቹ ያለውም። ሚክሰሩ ይዞራል፣ ኮንክሪቱ ይከመራል፣ ፀሐዩ ያደርቀዋል።

«አንቺ! ትሰሚያለሽ?» ካቦው ይጮኻል። ማንም አልተነቃነቀም።

መጀመሪያ የደነገጠው ኢንጂነሩ ነው። «ግማሹ ደርቆ ግማሹ ከተጨመረ ይሰነጠቃል! ፎቁ ይበላሻል!»

ይህን ጊዜ ባለሕንፃው ፈቀደ፣ ኮንትራክተሩ አዘዘ፣ ኢንጂነሩ ፈረመ፣ እቃ ቤቱ ሰጠ፣ ካቦው ሮጦ አመጣ። አንድ ጆንያ ሙሉ ጓንት፤ አቧራ ለብሷል። ለካ እዚያው እቃ ቤት ነበር።

«እንካችሁ፣ ሙሽሮች!» አለ ካቦው እያለከለከ።

ጌጤነሽ አጠለቀች። ባልዲው ተነሳ። ሶሌታው ሞላ።

ከታች የበጉ ሥጋ በስሎ ደረሰና ሰዉ ሁሉ ወረደ። ጌጤነሽ ግን እጇ አብጦ ጓንቱ አልወልቅ አላት። ቀስ ብዬ እጎትታለሁ፤ እሷ ጥርሷን ነክሳለች። ላይ የቀረነው እኔና እሷ ብቻ ነበርን።